“ሙሽራዋን አታንሱ!”

ከሠርጓ ሰባት ወር በኋላ ነው ፎቶ ቤታችን ድረስ የመጣችው፡፡ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች፡፡ መጀመሪያ አላወቅኋትም፡፡ ጥር ላይ በነጭ ቬሎ፣ በሜካፕና በአበባ መሐል ያየኋት ሴት ሌላ ናት፤ ነሐሴ ላይ ከዝናብ ገብታ ጃንጥላዋን እያጠፈች በሩ ላይ የቆመችው ሌላ፡፡

“ወንድሜ፣ አባቴ አርፈው ነው፡፡ ለአርባቸው የሚሆን ፎቶ ፈልጌ ነበር” አለችኝ፡፡

“እግዜር ያጥናሽ፤ ቁጭ በይ፣ አይጠፋም” አልኳት፡፡ ከልቤ ነበር፡፡ እንዴት ይጠፋል? ያን ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት አብሬያቸው ውያለሁ፡፡ ተመርጦ የተሰጣቸው ብቻ 1,846 ፎቶ ነው፡፡

ኮምፒዩተሩ ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠን ከአንድ ጀምረን ወደ ታች ወረድን፡፡ ጫማዋ በ11 ዓይነት አለ፡፡ ቀለበቱ አለ፡፡ ሊሞዚኑ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን፣ በሩ ተከፍቶ፣ በሩ ተዘግቶ 63 ጊዜ አለ፡፡ ኬኩ ሳይቆረስ አለ፤ ተቆርሶም አለ፡፡ አባትየው ግን… በቤተሰብ ፎቶ ላይ ከኋላ ቆመው ግማሽ ፊታቸውን የአንዷ ሚዜ ፀጉር ጋርዶታል፡፡ አዳራሽ ውስጥ በተነሳ ሌላ ፎቶ ላይ አሉ፤ ግን ጨለማ ውጧቸዋል፡፡ በመጨረሻ ጉልበት ስትስም ያነሳሁት ጋ ደረስን፡፡ ሁለታችንም ወደ ስክሪኑ ጠጋ አልን፡፡ የቬሎው ጭራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል፡፡ ጥልፉ ሳይቀር ይቆጠራል፡፡ የአባትየው ጉልበት አለ፤ ጭንቅላቷ ላይ ያረፈው እጃቸው አለ፤ ክራቫታቸው አለ፡፡ ከአገጫቸው በላይ ግን የለም፡፡ ቬሎው ሙሉ እንዲገባልኝ ብዬ እኔው ራሴ ቆርጬዋለሁ፡፡

“ምንም አይደል” አለችኝ፤ “የመታወቂያቸውን ፎቶ አጉልተን እናሳጥባለን፡፡”

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፡፡

በዚህ ሙያ 9 ዓመት ሠርቻለሁ፡፡ እንደ ብዙዎቹ ባልደረቦቼ የጀመርኩት የሰው ፍላሽ በመያዝ ነው፡፡ ዛሬ ሁለት ካሜራና አራት ሌንስ አለኝ፤ ጥርና የፋሲካ ማግሥት ሲደርስ ቅዳሜና እሑድ አልገኝም፡፡ ያን ዕለት ማታ ግን “እኔ ምንድነው የማነሳው?” የሚል ጥያቄ ይዤ ቤቴ ገባሁ፡፡ እውነቱን ለመናገር፣ ካሜራውን ሸጬ የኅትመት ሥራ ልጀምር የሚል ሃሳብም መጥቶብኝ ነበር፡፡ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ የሙያ ጓደኛዬ “የሦስት ቀን የሠርግ ፎቶ ወርክሾፕ አለ፤ ለምን አንሄድም?” አለኝ፡፡

ወርክሾፕ ሲባል መቼም እኛ አገር ቶሎ ትዝ የሚለን አበልና የሻይ ሰዓት ነው፡፡ እዚህኛው ላይ ግን ከፋዮቹ እኛ ነበርን፡፡

የማን ፎቶ ነው?

ስልጠናው ከሰኞ እስከ ረቡዕ ነው፡፡ ቅዳሜና እሑድማ የሠርግ ፎቶ አንሺ ከየት ይገኛል! 18 ነን፡፡ ግማሾቻችን የፎቶ ቤት ባለቤቶች ነን፤ የቀሩት በሳምንቱ መጨረሻ ብቻ የሚሠሩ ናቸው፡፡ አንድ የባንክ ሠራተኛ፣ አንዲት ሲቪል መሐንዲስ፣ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር… ሁላችንም አዲስ “ፖዝ”፣ አዲስ የፍላሽ አጠቃቀም፣ አዲስ የኤዲቲንግ ዘዴ ልንማር ነው የመጣነው፡፡ አሠልጣኛችን በ60ዎቹ ዕድሜ ውስጥ የሚገኙ፣ በወጣትነታቸው ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም በማጠብ ሥራ የጀመሩ ሰው ናቸው፡፡ ሁላችንም “ጋሼ” ነው የምንላቸው፡፡

ጋሼ ስለ ካሜራ አንዲት ቃል ሳይናገሩ “እያንዳንዳችሁ የምትኮሩባቸውን 10 ፎቶዎች ስጡኝ” አሉን፡፡ 180ውን ፎቶ ደባለቁና ስም ሳይጽፉ በስክሪን ያሳዩን ጀመር፡፡

“የራሳችሁ ሲመጣ እጃችሁን አውጡ፡፡”

ሙሽራው በሙሽሪት ጆሮ ሲያንሾካሹክ የሚያሳይ ፎቶ መጣ፡፡ አምስት እጅ ወጣ፡፡ ሙሽሮቹ ዛፍ ሥር ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ግንባር ለግንባር ሲነካኩ… ሰባት እጅ፡፡ ሚዜዎቹ አየር ላይ ሲዘሉ መጣ፡፡ እኔም እጄን አወጣሁ፡፡ የእኔ አልነበረም! ልብሱ፣ መናፈሻው፣ ዝላዩ ሳይቀር ከእኔው ጋር አንድ ነው፤ ያነሳው ግን ያ የባንክ ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ፡፡ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፡፡ ጋሼ ግን አልሳቁም፡፡

“እናንተ ሠርግ አይደለም የምታነሱት” አሉን፤ “ከዚህ በፊት ያያችሁትን ፎቶ ነው መልሳችሁ የምታነሱት፡፡”

ነገሩ ሲታሰብ እውነት ነው፡፡ ደንበኛ ሲመጣ ከኢንተርኔት ያገኘውን ፎቶ በስልኩ ይዞ ነው “እንደዚህ አድርገህ አንሳን” የሚለን፡፡ እኛም የሌላ ፎቶ አንሺ ሥራ አይተን “ይሄማ ይሞከራል” እንላለን፡፡ የቀኑ ፕሮግራምም ያግዛል፤ ቤት፣ መናፈሻ፣ አዳራሽ፡፡ ቀደም ሲል ብሔረ ጽጌ ወይም ጊዮን ሆቴል ግቢ ቅዳሜ ከሰዓት የሄደ ሰው ያስታውሰዋል፤ አንዱ ሙሽራ ከዛፉ ሥር ሲነሳ ሌላው ተራ ይጠብቅ ነበር፡፡ ቦታው ቢቀየርም ወረፋው አልተቀየረም፡፡ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፍርሃት አለ፡፡ ሠርግ አይደገምም፤ ስለዚህ ማንም ፎቶ አንሺ መጀመሪያ የሚያነሳው ሠርቶለት የሚያውቀውን ነው፡፡ ሁላችንም ሠርቶልን የሚያውቀውን ስናነሳ ውጤቱ አንድ ይሆናል፡፡

ሳይነቃነቁ ከመቆም እስከ ጭፈራው መሐል

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ወደ ኋላ መለሱን፡፡ ፎቶግራፍ ለዓለም ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1839 ፓሪስ ላይ ነው፡፡ በቀጣዩ ዓመት፣ በ1840፣ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ልዑል አልበርትን አገቡ፡፡ በነጭ ቀሚስ ማግባታቸው ዛሬ እኛ ቬሎ ለምንለው ልብስ መስፋፋት ትልቅ ምክንያት ሆኗል፡፡ የሠርጋቸው ፎቶግራፍ ግን የለም፡፡ ብዙ ጊዜ የሠርጋቸው እየመሰለ የሚታየው ፎቶ በ1854፣ ማለትም ከ14 ዓመት በኋላ፣ ሮጀር ፌንተን የተባለው እንግሊዛዊ ያነሳው ነው፡፡

የዚያ ዘመን ካሜራ ፊት የቀረበ ሰው ለብዙ ሰከንዶች ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት፡፡ አንዳንድ ስቱዲዮዎች ከማጅራት ጀርባ የሚደግፍ ብረት ያቆሙ ነበር፡፡ በአሮጌ ፎቶዎች ላይ ማንም የማይስቀው ሁሉም ስላዘነ አይደለም፤ ሳቅን ይዞ መቆየት ስለሚያስቸግር ጭምር ነው፡፡ እኛም አገር ታሪኩ ተመሳሳይ ነው፡፡ በ1868 ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ የዘመቱት እንግሊዛውያን መሐንዲሶች ካሜራ ይዘው ነበር፡፡ በኋላም በአፄ ምኒልክ ዘመን የአርመን ተወላጁ ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ሙያው ወደ ልጆቹ ተሻግሮ እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘለቀ፡፡ የከተማው ፎቶ ቤትም ሥርዓቱን ወረሰ፡፡ መጋረጃ ከኋላ፣ ሙሽራው ወንበር ላይ፣ ሙሽሪት እጇን ትከሻው ላይ… የብዙዎቻችን ወላጆች ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለው ፎቶ ይሄ አይደል?

ካሜራ በእጅ የሚያዝ፣ ፈጣን ነገር ከሆነ በኋላ ግን ሌላ መንገድ ተከፈተ፡፡ ፈረንሳዊው ኦንሪ ካርቲየ ብሬሶን በ1952 ያሳተመው መጽሐፍ የእንግሊዝኛው ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ “ወሳኟ ቅጽበት” እንደ ማለት ነው፡፡ ጋሼ በስፋት ያሳዩን ግን የእርሱን ሳይሆን የማሊውን ማሊክ ሲዲቤን ሥራ ነው፡፡

ሲዲቤ ባማኮ ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ የነበረው፣ እንደኛው ከድግስ ድግስ እየዞረ የሚሠራ ፎቶ አንሺ ነበር፡፡ ማሊ ነፃ ከወጣች በኋላ በ1960ዎቹ የወጣቱን ጭፈራ፣ ሠርግና ክርስትና ሌሊቱን ሙሉ ያነሳ ነበር፡፡ ሲነጋ ፎቶዎቹን በትንንሹ አትሞ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ወረቀት ላይ ለጥፎ ያሳያል፤ ልጆቹ መጥተው የወደዱትን ያዝዛሉ፡፡ በ1963 የገና ሌሊት ያነሳው ፎቶ ዛሬ በዓለም የታወቀ ነው፡፡ አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት ይጨፍራሉ፤ እርሷ ባዶ እግሯን ናት፤ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው እግራቸውን ያያሉ፡፡ በቃ፣ ይሄው ነው፡፡ ማንም ወደ ካሜራው አላየም፡፡ ሲዲቤ በ2003 የሃሰልብላድን ሽልማት ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ ተቀበለ፤ በ2007 ደግሞ የቬኒስ ቢየናሌ የሕይወት ዘመን የወርቅ አንበሳ ተሸለመ፡፡ በ2016 አረፈ፡፡

“ይሄ ሰውዬ ከእናንተ የተለየ ምን ነበረው?” ሲሉ ጋሼ ጠየቁን፡፡ አንዱ “ችሎታ”፣ ሌላው “ዘመኑ” አለ፡፡ “ፊልም ውድ ነበር” አሉ ጋሼ፤ “ስለዚህ ካሜራውን ከማንሳቱ በፊት ያይ ነበር፡፡”

“ታዲያ ምን እናንሳ?”

ማክሰኞ የአንዱ ሠልጣኝ ዘመድ መልስ ነበር፡፡ ቤተሰቡ ፈቅዶ ስድስታችን ሄድን፤ የቀሩት ሁለት ቡድኖች ሌላ ድግስ ደረሳቸው፡፡ ከመሄዳችን በፊት ጋሼ ደንብ አወጡ፡፡ ፍላሽ የለም፡፡ አንድ ሌንስ ብቻ፣ 35 ወይም 50 ሚሊ ሜትር፤ ዙም የለም፤ መቅረብ የፈለገ በእግሩ ይቅረብ፡፡ የካሜራው ስክሪን በፕላስተር ይሸፈናል፡፡ በአጠቃላይ 36 ጊዜ ብቻ ማንሳት ይፈቀዳል፣ እንደ አንድ ጥቅል ፊልም፡፡ የመጨረሻው ደንብ ግን ሁላችንንም አስጮኸን፡፡

“ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት ሙሽራዋን አታንሱ! ሙሽራውንም፡፡”

“እንዴ ጋሼ! ታዲያ ምን እናንሳ?”

“ሠርጉን፡፡”

የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ሥቃይ ነበሩ፡፡ እጄ ሥራ ፈታ፡፡ ሙሽሮቹ በጭብጨባና በእልልታ ሲገቡ ካሜራዬ ደረቴ ላይ ተንጠልጥሎ ቆሜ አየሁ፡፡ ማየት ከጀመርኩ በኋላ ግን ነገሩ ተቀየረ፡፡ በ9 ዓመት ውስጥ ስንት ጓሮ ገብቼ ይሆን? አንድም፡፡ ሄድኩ፡፡ ከድንኳኑ ጀርባ፣ በላስቲክ ዳስ ሥር፣ ሦስት ሴቶች ትልቅ ብረት ድስት ከበው ዶሮ ወጡን ያማስላሉ፡፡ ጭሱና የዝናቡ እርጥበት ተቀላቅሎ ብርሃኑን ወተት አስመስሎታል፡፡ አንዲት እናት እንቁላሎቹን በሹክሹክታ ትቆጥራለች፤ ቁጥሩ ሲጠፋባት ከ“አንድ” ትጀምራለች፡፡ ተደርድረው በተቀመጡ ፕላስቲክ ወንበሮች ላይ አንድ ሕፃን ሙሉ ልብስ እንደለበሰ ተኝቷል፡፡ ክራቫቱ አፉ ውስጥ ነው፡፡

ከዚያ የሙሽሪትን አባት አየሁ፡፡ ከጄኔሬተሩ አጠገብ ብቻቸውን ቆመዋል፡፡ የአዲሱ ኮታቸው እጅጌ ላይ ያለው ምልክት ገና አልተቀደደም፡፡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፡፡ መጀመሪያ ስልክ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር፡፡ ምርቃት እያጠኑ ነው! ሰው መጣ ሲሉ ጄኔሬተሩን የሚመረምሩ መሰሉ፡፡

ሰባት ሰዓት ላይ ሙሽሮቹ ጉልበት ሊስሙ ወደ ሳሎን ገቡ፡፡ ያኔ መብራት ጠፋ፡፡ ሌላ ጊዜ ቢሆን ፍላሼን ወደ ላይ አዙሬ እቀጥል ነበር፡፡ አሁን ያለኝ አንድ መስኮት ብቻ ነው፡፡ አንዱ ሰዓት አልፏል፤ ሙሽራዋን ማንሳት ይፈቀድልኛል፡፡ እግሬ በልማዱ ከኋላዋ ሊቆም ሲሄድ አቆምኩት፡፡ ያቺ ጥቁር የለበሰች ልጅ ትዝ አለችኝ፡፡ በግድግዳው በኩል ዞሬ ከመስኮቱ ጎን ተንበረከክሁ፡፡ ካባ የደረበችው ልጅ ጀርባዋ ለእኔ አልሆነም፤ ጎኗ ሆነ፡፡ የአባትየው ፊት ግን ሙሉ በሙሉ መስኮቱን ያያል፡፡ እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ አደረጉና ምርቃቱን ጀመሩ፡፡ ሁለት ዐረፍተ ነገር ሳይሉ ያጠኑት ሁሉ ጠፋቸው፡፡ ዝም አሉ፡፡ ከንፈራቸው ብቻ ተንቀጠቀጠ፡፡ ቤቱ በሙሉ “አሜን” አለ፣ ገና ላልተባለው ምርቃት፡፡

34ኛው ፎቶዬ እርሱ ነው፡፡ የካሜራው ፍጥነት 1/60 ሰከንድ ስለነበር እጃቸው በትንሹ ተንቀሳቅሷል፡፡ በወትሮው መለኪያዬ “ሻርፕ አይደለም” ብዬ የምጥለው ነበር፡፡

አባት ለምን ይጨልማል?

እዚህ ላይ ስለ ብርሃን ጥቂት ማስረዳት አለብኝ፤ ምክንያቱም የአባቶች መጥፋት የትኩረት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፊዚክስም ነው፡፡

የፍላሽ ብርሃን ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚቀንሰው በግማሽ አይደለም፤ ወደ ሩብ ይወርዳል፡፡ ሙሽራዋ ከፍላሹ 2 ሜትር ላይ፣ አባቷ 4 ሜትር ላይ ቢቆሙ እርሳቸው የሚያገኙት እርሷ ካገኘችው ብርሃን አንድ አራተኛውን ነው፡፡ 6 ሜትር ላይ ያለችው አያት ደግሞ አንድ ዘጠነኛውን ብቻ፡፡ ካሜራው ለሙሽራዋ ሲስተካከል ከኋላ ያለው ቤተሰብ ወደ ጨለማ ይሄዳል፡፡ በሠርግ አልበሞቻችን ላይ ሙሽሮቹ በሌሊት ዋሻ ውስጥ የቆሙ የሚመስሉት ለዚህ ነው፡፡ መፍትሔው ፍላሹን ወደ ነጭ ጣሪያ ወይም ግድግዳ ማዞር፣ አለዚያም አጥፍቶ ያለውን ብርሃን መጠቀም ነው፡፡ ጣሪያው ወይም መስኮቱ ሰፊና ራቅ ያለ የብርሃን ምንጭ ስለሚሆን በፊተኛውና በኋለኛው ሰው መካከል ያለው ልዩነት ይጠብባል፡፡

ሁለተኛው ችግር ነጩ ልብስ ነው፡፡ ካሜራ ፊቱ ያለው ነገር ቬሎ ይሁን ከሰል አያውቅም፡፡ የሚያየው ሁሉ ሲደመር መካከለኛ ግራጫ፣ ማለትም 18 በመቶ ብርሃን የሚመልስ ነገር ነው ብሎ ይገምታል፡፡ ቬሎው ወይም ሐበሻ ቀሚሱ የፎቶውን አብዛኛውን ክፍል ሲይዘው “ይሄ ከመጠን በላይ በርቷል” ብሎ ሁሉንም ያጨልመዋል፡፡ ነጩ ግራጫ ይሆናል፤ ጠይሙ ፊት ይጠፋል፡፡ ያኔ ኤዲት አድራጊው ፊቱን ብቻ ለይቶ ያነጣዋል፡፡ ዱቄት የተነፋባቸው የሚመስሉ ሙሽሮች የሚመጡት ከዚህ ነው፡፡ በፊልም ዘመን ነገሩ የባሰ ነበር፡፡ የኮዳክ ማተሚያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉበት “ሸርሊ ካርድ” የሚባል ፎቶ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ምስል ብቻ ነበር፡፡ መለኪያው ከመነሻው የእኛን ፊት አላሰበም፡፡ ዛሬ ግን ሰበብ የለንም፡፡ ብርሃኑን ከልብሱ ሳይሆን ከፊቱ ላይ መለካት፣ ፋይሉንም ሳይጨመቅ በ“ሮው” መያዝ አብዛኛውን ችግር ይፈታል፡፡

ሃሳብ ከየት ይመጣል?

ረቡዕ ጠዋት ጋሼ የሁላችንንም ሥራ እንደገና ደባልቀው አሳዩን፡፡ ጨዋታው ያው ነው፤ የማን እንደሆነ መለየት፡፡ ይህን ጊዜ ግን የተሳሳተ አልነበረም፡፡ እንዲያውም የራሳችንን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም አወቅን፡፡ መሐንዲሷ 36ቱንም ጊዜ እጅ ነው ያነሳችው፤ የሚያጎርስ እጅ፣ ነጠላ የሚያጣፋ እጅ፣ ስጦታ ፖስታ የሚደብቅ እጅ፡፡ የባንክ ሠራተኛው በር ላይ ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን ሲያነሳ ውሏል፡፡ ከአሥራ ስምንታችን ሚዜ ያዘለለ አንድም ሰው የለም፡፡

ያኔ የገባኝ ነገር ይሄ ነው፡፡ የፈጠራ ሃሳብ አዲስ ነገር ማሰብ ይመስለኝ ነበር፡፡ ስለዚህ ሁልጊዜ ከሌላ ፎቶ እፈልገዋለሁ፤ ሳገኘው ግን ያ ሃሳብ የሌላ ሰው ነው፡፡ እዚያ መልስ ላይ ምንም አላሰብኩም፡፡ የለመድኩት መንገድ ስለተዘጋብኝ ፊቴ ያለውን ለማየት ተገደድኩ እንጂ፡፡ ኮታቸው ላይ ምልክት የቀረባቸውን፣ ምርቃት የሚያጠኑትን አባት እኔ አልፈጠርኳቸውም፡፡ በእያንዳንዱ ሠርግ ላይ ነበሩ፡፡

ጋሼ ሲዘጉ ደግሞ “ለአንድ ወር የሠርግ ፎቶ አትዩ” አሉን፡፡ በምትኩ ሥዕል እዩ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቡ፣ ኤግዚቢሽን ሂዱ አሉን፡፡ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት ከመላው ዓለም የመጡ የፎቶግራፍ ሥራዎችን እዚሁ አዲስ አበባ አሳይቷል፤ ስንቶቻችን ነን ሄደን ያየነው? በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ቅዱሳኑ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሳላሉ፤ ክፉዎቹ ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን፡፡ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፡፡ “ማን ወደ ማን ያያል?” ብሎ ፎቶ ውስጥ መጠየቅ እንደሚቻል ግን አስቤው አላውቅም ነበር፡፡ አሁን አዳራሽ ስገባ መጀመሪያ የምፈልገው ይህንን ነው፤ የሙሽሮቹን ፊት ሳይሆን ሙሽሮቹን የሚያየውን ፊት፡፡

ከወርክሾፑ በተመለስኩ ማግሥት የዚያችን ልጅ ሠርግ እንደገና ከፈትኩ፡፡ ይህን ጊዜ የፈለግሁት ከተመረጡት ሳይሆን “ተረፈ” ከሚለው ፎልደር ነው፡፡ የጨለመ፣ የተንሻፈፈ፣ ዓይን የተጨፈነበት ሁሉ ያለው እዚያ ነው፡፡ ሌሊት ስድስት ሰዓት ገደማ አንዱ ላይ ቆምኩ፡፡ ጠዋት ሙሽራዋ ከመልበሷ በፊት ብርሃን ለመሞከር ወደ ኮሪደሩ ያነሳሁት ነው፡፡ ጠመም ብሏል፤ የአምፖሉ ቢጫነት አለው፡፡ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አባትየው በልጃቸው ክፍል በር ፊት ቆመዋል፡፡ ሊያንኳኩ እጃቸውን አንስተዋል፤ ግን አላንኳኩም፡፡ ፊታቸው ሙሉ ይታያል፡፡

አርባው በመታወቂያው ፎቶ አልፏል፡፡ ይሄኛውን አትሜ ለሰማንያው ወሰድኩላት፡፡ ብዙ አየችው፡፡

“መቼ ነው ያነሳኸው?” አለችኝ፡፡

“ሳላውቀው” አልኳት፡፡

ለምትደግሱ

አሁንም መናፈሻ እሄዳለሁ፤ አሁንም ሙሽራውን “ጆሮዋ ላይ አንሾካሹክላት” እላለሁ፡፡ እንጀራ ነው፤ ደንበኛውም ይፈልገዋል፡፡ ባለፈው አንድ ሙሽራ የጓሮውን ፎቶ አይቶ “ይሄ ምንድነው? ፖዝ የለውም እኮ!” ብሎኛል፡፡ አልተከራከርኩትም፡፡ ግን ከእያንዳንዱ ሠርግ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ለራሴ አስቀርቼዋለሁ፤ ፍላሽ የለም፣ አንድ ሌንስ ብቻ፣ ሙሽሮቹም አይነሱም፡፡

እናንተም ሠርግ ካለባችሁ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ፡፡ ለፎቶ አንሺው የፖዝ ዝርዝር ብቻ አትስጡት፤ የሰው ዝርዝርም ስጡት፡፡ አያት ማን ናቸው? ያሳደገችው አክስት የትኛዋ ናት? ከውጭ አገር የመጣው ወንድም የቱ ነው? እኛ ለእናንተ ቤተሰብ እንግዳ ነን፤ ካልተነገረን ከአባታችሁ ይልቅ ሊሞዚኑን እናውቀዋለን፡፡ ከፕሮግራሙ በፊት ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድሞ ቤት እንዲገባ ፍቀዱለት፡፡ ምርቃትና ጉልበት መሳም በመስኮት አጠገብ ይሁን፤ ቪዲዮ ያዡም መብራቱን ለዚያች አምስት ደቂቃ ዝቅ ያድርግ፡፡ ፎቶ አንሺውን ከመያዛችሁ በፊት ደግሞ የተመረጡ 20 ፎቶዎቹን ሳይሆን የአንድ ሠርግ ሙሉ አልበሙን ጠይቁት፡፡ አባትየው ስንት ቦታ እንዳሉ ቁጠሩ፡፡

በመጨረሻም፣ ፎቶዎቹን ስትረከቡ የተጣሉትንም ጠይቁና በሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጡ፡፡ ለአልበም ባይሆኑም አንድ ቀን ትፈልጓቸዋላችሁ፡፡

ያማረ ሠርግ ይሁንላችሁ፡፡